ዲናይድ የምትባለው ቃል

ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ደረጃዋ የብረት ስለሆነ ሰው ሲወጣ ከሩቅ ይሰማል። በዚያች ክፍል ሁለት ሴቶች ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠርተዋል። አንደኛዋ ታይፒስት ናት። ሁለተኛዋ ተርጓሚ ናት፤ ሰፈርተኛው ግን «ዲክሽነሪ» ነው የሚላት። በስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ሲቆጣ።

የምትተረጉመው የልደት ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የፍቺ ውሳኔ፣ የትምህርት ውጤት ነው፤ የሰው ኑሮ በአንድ ገጽ ተጨምቆ የሚመጣበት ሁሉ። እንግሊዝኛውን አማርኛ፣ አማርኛውን እንግሊዝኛ ታደርግና፣ ታይፒስቷ ስትተይብላት አንብባ፣ ፈርማ፣ ማኅተሟን መትታ ትሰጣለች። ከሠራችው ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ታስቀራለች። ከጀርባዋ ያለው መደርደሪያ እስከ ጣሪያው ድረስ ካርቶን ነው።

ቃል ላይ ቀልድ አታውቅም። አንድ ቃል ሳይጥማት ከቀረ ምሳዋ አይበላላትም፤ ታይፒስቷ ጣቷን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ «ኧረ በፈጠረሽ ልቀቂኝ፣ ቃሉም ደክሞታል» እስክትላት ድረስ ስታገላብጠው ትውላለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ታይፒስቷ ከምትተይበው ደብዳቤ ላይ ቀና አለች።

«እኔ የምልሽ፣ እንግሊዝኛ እምቢ ለማለት ስንት ቃል ነው ያለው? ባለፈው ሪፊዩዝ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ዲክላይን መጣ። እምቢ ያው እምቢ አይደል እንዴ?»

«አይደለም» አለች ተርጓሚዋ። «ሪፊዩዝ ዓይን ዓይንሽን እያየ እምቢ ሲልሽ ነው። ዲክላይን ደግሞ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ይቅርታ አይመቸኝም ሲልሽ።»

«ሪጀክትስ?»

«እሱ ይሉኝታ የለውም። አይቶ፣ አገላብጦ፣ አይረባም ብሎ ወዲያ ማሽቀንጠር ነው።»

«እንግዲያ ያንን ለትዳር የጠየቀኝን መምህር ምን አደረግኩት በይ?»

«አንቺማ ዲክላይን አድርገሽው ነበር። እናትሽ ናቸው ሪጀክት ያደረጉት።»

ታይፒስቷ እስክታነባ ሳቀች። ዓይኗን እየጠረገች «ዲናይስ?» አለች።

«ዲናይ አስቸጋሪ ናት። አንዳንዴ መካድ ነው፤ አልሠራሁም፣ አላውቅም ማለት። ወሬ ከሆነ ማስተባበል ነው። አንዳንዴ ደግሞ መከልከል ነው፣ መንፈግ፤ ለሰው የሚገባውን አልሰጥም ማለት። ማን በማን ላይ እንዳደረገው አጣርተሽ ካላየሽ ጉድ ትሠራሻለች።»

ይህን ስትናገር ልቧ ንጹሕ ነበር። ራሷን የምትወቅስበት ነገር እንዳለ አልጠረጠረችም።

ልብስ ሰፊዋ የመጣችው በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። አርባ ስድስት ዓመት ገደማ የሆናት፣ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወርክሾፕ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ሹራቧ ላይ ነጭ ክር ተጣብቋል። ብብቷ ሥር ቡናማ ፖስታ ይዛለች።

«እንደምን አደሩ። ትርጉም እዚህ ነው አይደል?»

«ነው። ግቢ እናቴ፣ ተቀመጪ።»

ሴትዮዋ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ያደግሁት የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው» አለች። «የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ ያቋቋሙት። አሁን ሊዘጋ ስለሆነ እዚያ ያደግነውን እየጠሩ ፋይላችንን ሰጡን። እንግሊዝኛ ነው። ከሞትኩ በኋላ ሰው ከሚያነበው፣ በቁሜ ልወቀው ብዬ ነው።»

ከፖስታው ውስጥ አስራ አንድ ገጽ አወጣች። ከላይ ያለችውን ገጽ ለየችና፣ አብራት አንዲት የተጣጠፈች የአማርኛ ወረቀት አስቀመጠች። «ይቺ እንኳን ድሮ ተተርጉማለች፤ አይድከሙባት።»

ወረቀቷ ከመታጠፍ ብዛት መሐሏ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ተርጓሚዋ ቀስ ብላ ዘረጋቻት። መጀመሪያ ያየችው ማኅተሙን ነው። ቀጥላ ፊርማውን አየች፤ በሃያ አምስት ዓመቷ፣ ገና ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ መጨረሻውን እንደ ጅራፍ ትወነጭፈው የነበረው የገዛ ፊርማዋ ነው።

«የት አስተረጎምሽው?» አለች፣ እያወቀች።

«እኔ ቦታውን አላውቀውም። አስራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ስወጣ ለመታወቂያ ያስፈልጋል ተብሎ ቢሮው ነው ያስተረጎመልኝ። ከዚያ ወዲህ አብራኝ አለች።»

እንግሊዝኛዋ ገጽ በአጭር በአጭሩ የተሞላች ቅጽ ናት። «ማዘር፦ ዲሲዝድ። ፋዘር፦ ዲናይድ፣ ትዋይስ» ትላለች። አማርኛው ደግሞ «እናት፦ ሞታለች። አባት፦ ልጅነቷን ሁለት ጊዜ ክዷል» ይላል።

ተርጓሚዋ መነጽሯን አስተካክላ ወደ ሌሎቹ ገጾች ገባች። በእጅ የተጻፈ የየዕለት መዝገብ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረች። እንዲህ ይላል፦ የልጅቷ አባት ዛሬ ከመንገድ ሥራ ካምፕ መጣ። ልጄን ልውሰድ አለ። ጥያቄው ዲናይድ ሆኗል፤ የሚኖረው ድንኳን ውስጥ ስለሆነ። ከሰባት ወር በኋላ ደግሞ፦ አባትየው ድጋሚ መጣ። ቀይ የልጅ ጫማ ይዟል። አንድ ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ አለ። ጥያቄው አሁንም ዲናይድ ሆኗል፤ ቤቱ ውስጥ ሴት የለችም፣ ልጅቷም እዚህ ለምዳለች። ሂድ ቢባል እምቢ ብሎ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀመጠ። ጫማውን ተቀብለነዋል።

በሚቀጥለው ገጽ ልጅቷ በሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ተዛውራለች። ከዚያ በኋላ ስለ አባት የተጻፈ የለም።

አባት አልካደም። አባት ተከልክሏል። ቅጹን የሞላው ሰው ለማሳጠር ብሎ፣ ድርጊቱ በአባት ላይ የደረሰ መሆኑን የምታሳየውን፣ «ዋዝ» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ትቷታል፤ ያለ እሷ «ፋዘር ዲናይድ» ወደፈለጉት ይነዳል። ይህ የጸሐፊው ጥፋት ነው ሊባል ይችላል። «ልጅነቷን» የሚለው ቃል ግን እንግሊዝኛው ላይ የለም። እሱን የጨመረችው እሷ ናት። ዓረፍተ ነገሩ ጎደሎ መስሏት፣ እንዲያምር ብላ ነው ያስገባችው። እንዲያውም ያን ቀን በጣም አምሮላት እንደነበር ትዝ ይላታል።

«ምን ይላል?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ብዙ ነው» አለች ተርጓሚዋ፣ ገጾቹን እየሰበሰበች። «የእጅ ጽሕፈት ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ነገ ከሰዓት ነይ።»

ሴትዮዋ እግሯ ከደረጃው እንደወረደ ታይፒስቷ ወንበሯን አዞረች። «ፊትሽ አመድ መስሏል። ምን ሆነሻል?»

ተርጓሚዋ ሁለቱን ወረቀቶች ሰጠቻት። ታይፒስቷ ደጋግማ አነበበች። ከዚያ በሹክሹክታ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል፣ «አልነገርሻትም አይደል?» አለች።

«አልነገርኳትም።»

«ጎሽ። ስሚኝ፤ አዲሶቹን ገጾች በትክክል ተርጉሚላት። አሮጌዋን ማሳደጊያው አሳስቶ የጻፋት ይመስላታል። አባቷ እንዳልካዳት ታውቃለች፣ አንቺም ትድኛለሽ። ማን ይጎዳል?»

«ፊርማዬ አለበት እኮ።»

«ያንን ፊርማ እኔ እንኳ ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ኖሬ አላነብልሽም፤ እሷ በምን ታነበዋለች?»

ነገሩ ያስቃል፤ አልሳቁም። ተርጓሚዋ ካርቶኖቹን እያወረደች የዚያን ዓመት ቅጂ ስትፈልግ ዋለች። አገኘችው። ካርቦኑ ደብዝዟል፤ «ክዷል» የምትለዋ ቃል ግን ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ቤቷ ስትገባ ባሏ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮውን ጎረቤት ድረስ እንዲሰማ አድርጎ ከፍቶታል። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጆሮው ከከዳው ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እሱ ግን ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ማውራት ጀመረ እንጂ የኔ ጆሮ ጤነኛ ነው ባይ ነው። ሬዲዮውን ዘጋችና አጠገቡ ተቀምጣ የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

«የሞተ የለም። ካደ ነው ያልኩህ! አባቷ ካደ ብዬ ጻፍኩባት!»

«አትጩኺ፣ ይሰማኛል። እና አልካደም?»

«አልካደም። ሁለቴ ሊወስዳት መጥቶ ከለከሉት። እኔ ነኝ ከሃዲ ያደረግኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጅቷ ያንን ወረቀት በቦርሳዋ ይዛ ዞራለች።»

ሰውየው የሬዲዮውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክር ጀመር። እንዳልሰማት ጠርጥራ ልትደግምለት ስትል፣ «ነገ ምን ልትያት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ዝም ማለት እችላለሁ። ማንም አያውቅም።»

«አንቺ?» አለና ፈገግ አለ። «ወጥ ያረረብሽ ቀን እንግዳ ሳይቀምስ በር ላይ ቆመሽ ተናዛዥ ነሽ። ሞክሪ እስቲ፣ ፊትሽ ያጋልጥሻል።» ቀጥሎ እጇን ያዘና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጅቷ እኮ ሰው ነው ያጣችው። ያ ሰው በሕይወት ቢኖርስ?» አላት።

በማግስቱ ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ መጣች። ተርጓሚዋ አዲሶቹን ገጾች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችላት። ቀይ ጫማው ጋ ስትደርስ ሴትዮዋ «ቀይ ጫማ?» አለች። «ነበረኝ። ለእግሬ ሰፊ ስለሆነ ጨርቅ ጠቅጥቀው ነበር የሚያደርጉልኝ። ሞግዚቷ የሰጠችኝ ይመስለኝ ነበር።»

«አባትሽ ነው ያመጣልሽ።»

«ታዲያ ይቺ ወረቀት ለምን ክዷል ትላለች?»

ታይፒስቷ መተየብ አቆመች። ተርጓሚዋ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እንግሊዝኛው ተከልክሏል ነው የሚለው። ካደ ብዬ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያ ፊርማ የኔ ነው። ልጅነቷን የሚለውንም ከራሴ ነው የጨመርኩት። ልጅ ነበርኩ፣ ቸኩዬ ነው፣ ሙሉ ፋይሉን አላየሁም፤ ብዙ ምክንያት አለኝ፤ ግን ጥፋቱ የኔ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። ወረቀቷን በድሮ እጥፋቷ አጥፋ፣ መልሳ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች።

«የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንድ ሰውዬ ወርክሾፑ ድረስ መጣ። ረጅም ነው፤ አገጩ ላይ ጠባሳ አለው። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ፣ አባትሽ ነኝ አለኝ። ያቺን ወረቀት አንብቤ አምስት ዓመቴ ነበር። በስምንት ሴቶች ፊት፣ አባት የለኝም፣ አላውቅህም፣ ሂድ አልኩት። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ምንም አልመለሰልኝም።»

ተነሳች። እስካሁን እርስዎ ስትላት የነበረችውን ሴት ቁልቁል እያየች «አንቺ ነሽ ያስባልሽኝ» አለችና ወጣች። የብረቱ ደረጃ እስከ ታች ድረስ ተንኳኳ።

ዘጠኝ ቀን ድምጿ ጠፋ። ተርጓሚዋ በነዚያ ቀናት ሥራ ከመሥራት አልቦዘነችም፤ ግን እያንዳንዱን ወረቀት ሦስት ጊዜ ስለምታነብ ባለጉዳይ ደረጃው ላይ ተሰለፈ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ተገኘች። አልተቀመጠችም።

«ጽፈሽብኛል» አለች። «አሁን ደግሞ ፈልጊልኝ።»

ተርጓሚዋም ፈለገች። ፋይሉ ላይ የአባትየው ሙሉ ስምና የመንገድ ሥራ ካምፑ ቁጥር አለ። በዚያ ተነስታ ለመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቱ አመለከተች፤ ከዚያ ወደ ጡረታ ክፍል ላኳት፤ ጡረታ ክፍል ደግሞ ወደ መዝገብ ቤት። በየመስኮቱ ቆመች። አንዱ ሠራተኛ «ዘመድዎ ናቸው?» ሲላት «የበደልኳቸው ሰው ናቸው» አለችው፤ ሠራተኛው ግራ ተጋብቶ ተነሥቶ ፈለገላት። ከሰባት ሳምንት በኋላ ታይፒስቷ ስልክ አንስታ አንድ አድራሻ ጻፈች፤ ጽፋም ብዕሯን ወረወረች። ሰውየው በሕይወት አሉ። በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ከሚያስኬድ ትንሽ ከተማ ውስጥ የችግኝ ጣቢያ ይጠብቃሉ።

ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን መሄድ ፈራች። «አብረሽኝ ነይ» አለች። በመንገድ ላይ ብዙም አላወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አውቶቡሱ ዳገት ሲይዝ፣ «ሂጂ ቢሉኝስ?» አለች። ተርጓሚዋ «ቢሉሽ አብረን እንመለሳለን» አለቻት።

የችግኝ ጣቢያው ከከተማው ዳር ነው። በመደዳ የተደረደሩ ጥቁር የላስቲክ ከረጢቶች፣ በያንዳንዱ ውስጥ ጣት የምታክል ችግኝ። መሐላቸው አንድ ረጅም ሽማግሌ ጎንበስ ብለው በማጠጫ ቆርቆሮ ውኃ ያጠጣሉ። ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል። ሁለቱን ሴቶች ሲያዩ ቀና አሉ።

«ችግኝ ፈልጋችሁ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ተርጓሚዋ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች፤ ይህን ማንም ሊተረጉምላት አይችልም። በመጨረሻ ሴትዮዋ ስሟን ተናገረች። ስሟን ብቻ።

የሽማግሌው እጅ ላላ፤ ቆርቆሮው ጫማቸው ላይ ውኃውን እያፈሰሰ ቀረ። ብዙ አዩአት። ቀጥሎ ከአፋቸው የወጣው፣ «ከሩቅ ነው የመጣሽው። በልተሻል?» የሚል ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ያለቀሰችው ያኔ ነው። ሽማግሌው ማቀፉን አላወቁበትም፤ እርጥብ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ራሷ ላይ አስቀመጡት፤ እዚያው ተዉት።

ጥበቃ ቤቷ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ምድጃ አለ። ዳቦ ቆረሱላቸው፣ ሻይ አፈሉ። ልብስ ሰፊዋ ዳቦውን ይዛ ሳትበላ ቆየችና፣ «ያኔ... ወርክሾፕ መጥተው... እኔ...» አለች።

«የትኛው ወርክሾፕ?» አሉ ሽማግሌው።

«የምሠራበት። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት። መጥተው አባትሽ ነኝ ሲሉኝ፣ አባት የለኝም ብዬ...»

«እኔ? እኔ አልመጣሁም።»

«መጥተዋል። ኮፍያ ይዘው ነበር።»

«ኮፍያ የሌለው ማን አለ? ተሳስተሽ ነው ልጄ። ሌላ ሰው ይሆናል። ያን ጊዜ እኔ በረሃ ነበርኩ፣ መንገድ ስንቆርጥ። ከዚያ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ጠባሳ ነበረው። አገጩ ላይ።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ጢማቸው ላይ አሳረፉ። «ጠባሳ? እኔ ጠባሳ የለኝም። ሻይሽ በረደ፤ ጠጪ።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስትወጣ ተርጓሚዋ ከሽማግሌው ጋር ብቻዋን ቀረች። ጊዜው አሁን ነው ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቅጹን፣ ቃሏን፣ የጨመረችውን። ሽማግሌው እያዳመጡ የዳቦ ፍርፋሪ በጣታቸው ይለቅማሉ። ስትጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺ ምን ታደርጊ። እኔም መጀመሪያ ያስገባኋት ቀን እንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። ምን እንደሚል አልጠየቅሁም። እናቷ ሞታ፣ ሦስት ዓመቷ፣ ድንኳን ውስጥ ከዶማና ከአካፋ ጋር ሳስተኛት... ቤት እስካገኝ ብዬ ነው።» ወደ በሩ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ቀን ሰማያዊ ጨርቅ ነበር የምትሰፋው። አንገቷ የእናቷ ነው፤ ስታጎነብስ አየሁት። ከበሯ አልርቅም ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ግን ስትቆጣ እጇ የስፌት መኪናው መርፌ ሥር ነበር። ብቆይ ጣቷን ትወጋለች ብዬ ፈራሁ።» ከዚያ በአንድ ጣት አስጠነቀቋት። «እንዳትነግሪያት። አልመጣሁም።»

ተርጓሚዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያች ዓርብ ጀምሮ ምንም ነገር ላትደብቅ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ይሄኛውን ግን ልትደብቅ ተስማማች፤ ሕሊናዋም አልቆረቆራትም።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ግማሽ ባዶ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጭኗ ላይ በላስቲክ ከረጢት ያለች አንዲት ችግኝ ይዛለች፤ አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር በመዳፏ ትደግፋታለች።

«ጢሙ ውስጥ ጠባሳው ይታያል» አለች፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች።

ተርጓሚዋ ወደሷ ዞራ ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ምንም አትበይ። ምን እንዳለሽ አልጠይቅሽም። እሱ መሆኑን ከመቀመጤ በፊት ነው ያወቅሁት። እንዳይከብደኝ ብሎ ነው።» ችግኟን ቀና አደረገችና፣ ለራሷ እንደምትነግር ሁሉ፣ «አልካደኝም» አለች። «ካደልኝ።»

ተርጓሚዋ ሁለት ነገር ሰማች። አንደኛ፣ ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ እሳቸው ስትላቸው የነበሩትን ሰው አሁን እሱ ማለት ጀምራለች፤ ልጅ አባቱን እንደሚል። ሁለተኛ፣ ያቺን «ል» ሰማች። ዕድሜ ልኳን ያገላበጠቻቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት በሙሉ በልቧ ጠራቻቸው። ዲናይን አነሳች፣ ጣለች። ሪፊዩዝን፣ ልጄ አይደለህም የሚለውን ዲስኦውንን፣ ሌሎቹንም። አንድ ሰው ለሚወደው ሰው ብሎ የሠራውን አልሠራሁም ሲል፣ ያንን በአንድ ቃል የሚይዝ አላገኘችም። ተርጉሚ ብትባል ኖሮ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋት ነበር። ስለዚህ ተወችውና የሴትዮዋን ትከሻ ደገፍ አደረገች።

በሚቀጥለው ሳምንት የተስተካከለውን ትርጉም ታይፒስቷ ተየበችላት፦ «እናት፦ ሞታለች። አባት፦ ሁለት ጊዜ ጠይቆ ተከልክሏል።» ከግርጌው የመጀመሪያው ትርጉም ስሕተት እንደነበረና ስሕተቱም የተርጓሚዋ እንደሆነ በግልጽ ጻፈች፤ በሚነበብ ቀጥ ያለ ፊርማ ፈረመች። ልብስ ሰፊዋ አዲሱን ወሰደች። አሮጌውን ምን እንዳደረገችው አልተናገረችም፤ ተርጓሚዋም አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የቢሮ ጓደኛሞች ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በሩን ዘግተው የድሮ ቅጂዎችን ያነባሉ። ታይፒስቷ መጀመሪያ «መቃብር መቆፈር ነው» ብላ አጉረምርማ ነበር፤ አሁን ከተርጓሚዋ በፊት ካርቶን የምታወርደው እሷ ናት። እስካሁን ስድስት ስሕተት አግኝተዋል። አምስቱ የቀንና የፊደል ናቸው። አንደኛው የአንዲት ሴት የሥራ ልምድ ነበር፤ ሥራ ለቃለች መባል ሲገባው ተባራለች ተብሎ። ሴትዮዋን ፈልገው ደብዳቤ ጻፉላት፤ መልስ ገና አልመጣም።

ሽማግሌው ዝናቡ ሲጠና የችግኝ ጣቢያውን ትተው ልጃቸው ቤት ገቡ። ለሁለት ወር ነበር የተባለው፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ልብስ ሰፊዋ አልፎ አልፎ ከሥራ ስትወጣ የብረቱን ደረጃ ትወጣና፣ ባለጉዳይ በሌለበት ወንበር ላይ ዘፍ ትላለች። ባለፈው ማክሰኞ የመጣችው ተናዳ ነው።

«የደም ግፊት መድኃኒቱን አልውጥም አለ እኮ!» አለች፣ ቦርሳዋን ገና ከትከሻዋ ሳታወርድ። «ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በሻይ ደብቄ ሰጠሁት፤ ተፋው! ሐኪሙ ጨው ተው ቢለው ጓዳ ገብቶ ይጨምራል። አልጨመርኩም ይላል ደግሞ፣ ጢሙ ላይ ጨው እያየሁ! ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነው? አባቴን እኮ አታውቂውም፤ አንዴ እምቢ ካለ አለቀ!»

ተርጓሚዋ ብዕሯን አስቀመጠችና ወንበሯን አስጠግታ፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት። ሴትዮዋም ከመጀመሪያው ጀምራ፣ አንዲት ነገር ሳታስቀር፣ አባቷን እያማች አመሸች።